«ምንም አልበላም እኮ!»፦ ስለ አበላላችንና ስለ ክብደታችን ለምን እንሳሳታለን?

«ምንም አልበላም እኮ! ውሃ ስጠጣ እንኳ እወፍራለሁ።» ይህን የሚል ሰው የማያውቅ የለም። ምናልባት እናንተም ብላችሁት ታውቁ ይሆናል። ከጎኑ ደግሞ ሌላ ሰው አለ፤ «እኔ እንደ ጉድ ነው የምበላው፣ ግን ጠብ አይልልኝም» የሚል ቀጭን። ሁለቱም የሚሉትን ከልባቸው ያምኑታል። ሁለቱም ግን ብዙውን ጊዜ ተሳስተዋል።

ይህን የምጽፈው አንድ ነገር ስለሚያበሳጨኝ ነው። ወፍራሙ ሰው እንዲህ ሲል ሰሚው ወይ በሆዱ «ውሸታም» ይለዋል፣ ወይ ደግሞ ለማጽናናት ያህል «የአንተ ሰውነት የተለየ ነው» ይለዋል። የመጀመሪያው ግፍ ነው። ሁለተኛውም አይጠቅመውም። ነገሩ ሲጠና የሚገኘው መልስ ከሁለቱም ይለያል፤ ሰው የበላውን በጭንቅላቱ መዝግቦ መያዝም ሆነ የራሱን አካል በዓይኑ መመዘን አይችልበትም። ማናችንም አንችልበትም።

እ.ኤ.አ. በ1992 «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጥናት ወጣ። ኒው ዮርክ ያሉ ተመራማሪዎች «በቀን ከ1,200 ካሎሪ በታች እየበላን ክብደታችን አልቀነስ አለን» የሚሉ 10 ሰዎችን ወሰዱ። ሰዎቹ ብዙ ዳይት ሞክረው የሰለቹ ናቸው። ችግራችን ሰውነታችን ኃይል ቀስ ብሎ ማቃጠሉ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ ይህንኑ ለኩ። የሰዎቹ ሰውነት የሚያቃጥለው ኃይል በቁመታቸውና በክብደታቸው ከሚጠበቀው ብዙም አልራቀም። ጤነኛ ነው። ቀጥሎ የሚበሉትን እንዲመዘግቡ ተደረገ። በመዝገባቸው ላይ በቀን ወደ 1,000 ካሎሪ ገደማ ነበር የሰፈረው። በትክክል የበሉት ግን ከ2,000 በላይ ሆኖ ተገኘ። በአማካይ ከበሉት ውስጥ 47 በመቶው በመዝገቡ ላይ የለም! የሰውነት እንቅስቃሴያቸውን ደግሞ በ51 በመቶ አብዝተው ነው የተናገሩት።

አስተውሉ፤ እነዚህ ሰዎች መፍትሔ ፈልገው የመጡ ናቸው። መዋሸት የሚጠቅማቸው ነገር አልነበረም።

«ታዲያ በትክክል የበሉት በምን ታወቀ?» ትሉ ይሆናል። ይህ ራሱ የሚገርም ነገር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ተመራማሪዎች ሰውየውን ልዩ ውሃ ያጠጡታል። ጣዕሙ ያው ውሃ ነው፣ ጨረርም የለውም፤ በውስጡ ያሉት ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ግን ከተራዎቹ ትንሽ ከበድ ያሉ ናቸው። ስለዚህ በሽንት ውስጥ ተለይተው ሊቆጠሩ ይችላሉ። ሃይድሮጅኑ ከሰውነት የሚወጣው በውሃ መልክ ብቻ ነው፤ በሽንት፣ በላብ፣ በትንፋሽ። ኦክስጅኑ ግን ሁለት መውጫ አለው። አንዱ ውሃ ነው፣ ሌላው የምንተነፍሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ስለዚህ ኦክስጅኑ ቀድሞ ያልቃል። የሁለቱ ልዩነት ሰውየው ምን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዳወጣ፣ ማለትም ምን ያህል ኃይል እንዳቃጠለ ይናገራል። አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ሽንት እየተለካ፣ ሰውየው እንደ ልማዱ እየኖረ፣ ማንም ሳይከተለው። ክብደቱ በዚያ ጊዜ ካልተለወጠ የበላው ካቃጠለው ጋር እኩል ነው ማለት ነው፤ ከተለወጠም ልዩነቱ ይታሰባል። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በእንስሳት ላይ የጀመረው ናታን ሊፍሰን የተባለ ሳይንቲስት ነው። ሰው ላይ መሠራት የጀመረው በ1980ዎቹ ነው። ከዚያ በኋላ ሰዎች «በላሁ» የሚሉት ብዙ ጊዜ ከሚበሉት እንደሚያንስ በተደጋጋሚ ታየ። ቀጭኖችም ያሳንሳሉ። ወፍራሞች ዘንድ ክፍተቱ ይሰፋል።

«ስለ ምግብ ስለማያውቁ ነው» የሚል ካለ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣውን ሌላ ጥናት ይመልከት። 10 የሥነ ምግብ ባለሙያዎችና ባለሙያ ያልሆኑ 10 ሴቶች የሚበሉትን መዘገቡ፤ በዚያው ልዩ ውሃ ተለኩ። ባለሙያ ያልሆኑት በቀን በአማካይ 429 ካሎሪ አሳንሰው መዘገቡ። ባለሙያዎቹስ? እነሱም 223 ካሎሪ አሳነሱ። እውቀት ይረዳል፤ ግን ቀዳዳውን አይደፍነውም።

ታዲያ ያ ሁሉ ምግብ የት ይገባል?

አንደኛው መልስ ትዝታ ነው። ምግብ ሲባል ትዝ የሚለን ቁጭ ብለን የበላነው ነው። ቆመን ያነሳነው፣ ልጁ ያስተረፈው፣ ወጥ ስናማስል የቀመስነው፣ ቢሮ ውስጥ ጓደኛ «እንካ» ብሎ የሰጠን «ምግብ» የሚል ስም ስላልያዘ ከመዝገቡ ውጭ ይቀራል። ትዝታ ከጥጋብ ጋር ምን ያህል እንደተሳሰረ ለማየት እ.ኤ.አ. በ1998 ከወጣ አንድ ጥናት የሚሻል የለም። ፖል ሮዚን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ ከደቂቃ በፊት የሆነውን እንኳ ማስታወስ የማይችሉ ሁለት ሕሙማንን አጠኑ። ሰዎቹ ምሳ በሉ። ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ሌላ ምሳ ቀረበላቸው። በሉት። ሦስተኛ ሲቀርብም ብዙውን ጊዜ መብላት ጀመሩ። ሆዳቸው ሙሉ ነው፤ ግን መብላታቸውን የሚነግራቸው ትዝታ የለም። «ጠገብኩ» የምንለው ሆድ ስለሞላ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ምን ያሳያል? እኛም ስልክ እያየን ስንበላ ትንሿን የዚያን ዓይነት ነገር በራሳችን ላይ እናደርጋለን። የበላነው በደንብ አይመዘገብም፤ ቆየት ብለንም ብዙ እንበላለን።

ሁለተኛው መልስ ዓይን ነው። ዓይን የሚያየው መጠንን እንጂ ካሎሪን አይደለም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 14 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 120 ካሎሪ አለው። በቲማቲም 120 ካሎሪ ለማግኘት ከግማሽ ኪሎ በላይ መብላት ያስፈልጋል። ያ ቲማቲም ሳህን ሞልቶ ይተርፋል፤ ዘይቱ ግን ድስት ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ዘይት ከጠርሙስ እየተንቆረቆረ ሲገባ አንድ ማንኪያ ይሁን ሦስት ማንም አይለየውም። ልዩነቱ ግን 240 ካሎሪ ነው። ለብዙ ሰው የጠፋው ምግብ ያለው እዚህ ይመስለኛል፤ ከኬክና ከጣፋጭ ይልቅ ዘይትና ቅቤ ውስጥ።

አእምሮ ደግሞ ምግብን «ጥሩ» እና «መጥፎ» ብሎ መክፈል ይወዳል። በዚህ ላይ አሌክሳንደር ቼርኔቭ የተባለ ተመራማሪ ያሳየው ነገር አለ። ከባድ ምግብ ብቻውን ሲቀርብና ያው ምግብ ከአትክልት ጋር ሲቀርብ ሰዎች ካሎሪውን እንዲገምቱ ጠየቀ። አትክልት የተጨመረበትን አሳንሰው ገመቱት! ምግብ ተጨምሮ ካሎሪ ቀነሰ ማለት ነው። የበለጠ የተሳሳቱት ደግሞ ስለ ክብደታቸው አብዝተው የሚጨነቁት ናቸው። አሳዛኝ ነው፤ የሚጠነቀቀው ሰው በጥንቃቄው ይሳሳታል።

(«ሳህናችሁን አሳንሱ፣ ትንሽ ትበላላችሁ» የሚለውን ምክር ሰምታችሁ ይሆናል። በዚህ ዙሪያ ብዙ ታዋቂ ጥናቶችን ያወጣ ተመራማሪ ነበር፤ በርካታ ጽሑፎቹ በስህተታቸው ምክንያት ከመጽሔቶች ተሰርዘዋል። ስለዚህ እዚህ አላስገባሁትም።)

ሀፍረትም አለ። ሰው ስለ ምግቡ ሲጠየቅ ፈተና ላይ የተቀመጠ ይመስለዋል። ጥሩ ሆኖ መታየት የሚፈልግ ሰው የበላውን ይበልጥ እንደሚያሳንስ በጥናት ታይቷል፤ ብዙ ጊዜም ሳያውቀው። በክብደቱ ሲሰደብ የኖረ ሰው ይህ ቢብስበት ምን ይገርማል?

ስፖርቱም ያው ነው። ላብ ያታልላል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሰዓት ፈጠን ብሎ ቢራመድ ወደ 250 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። ከዚህ ውስጥ ግን ቁጭ ብሎም ቢሆን የሚያቃጥለው አለ፤ እሱ ሲቀነስ የመራመዱ ትርፍ ወደ 170 ካሎሪ ነው። 30 ግራም ለውዝ፣ አንድ ትንሽ እፍኝ፣ ይህንኑ ያህል አለው። መራመድ ለልብም ለእንቅልፍም ለስሜትም መድኃኒት ነው፣ አትተዉት። ግን «ዛሬ ስለተራመድኩ ይህ ይገባኛል» ብሎ የሚበላው ብዙ ጊዜ ከተቃጠለው ይበልጣል።

«ዕድሜዬ ገፋ፣ ሰውነቴ ማቃጠል ተወ» የሚለውስ? እ.ኤ.አ. በ2021 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ከ6,400 በላይ ሰዎች የተለኩበት ትልቅ ጥናት ወጥቶ ነበር፤ ከጨቅላ እስከ 95 ዓመት አዛውንት። የአካል መጠን ግምት ውስጥ ሲገባ፣ ሰውነት የሚያቃጥለው ኃይል ከ20 እስከ 60 ዓመት ባለው ዕድሜ ብዙም አይለወጥም። መቀነስ የሚጀምረው ከ60 በኋላ ነው፣ እሱም በዝግታ። ትልቅ ሰውነት ደግሞ ከትንሽ ሰውነት የበለጠ ኃይል ያቃጥላል እንጂ ያነሰ አይደለም፤ ብዙ የሚሸከመውና ብዙ የሚያኖረው አለውና።

እስካሁን ያልኩትን ያነበበ ሰው «እንግዲያው ወፍራም ሁሉ ሆዳም ነው» ብሎ እንዳይሄድብኝ እፈራለሁ። እንዲያ አይደለም። እንዲያውም ወደ ቀጭኑ ጓደኛችን እንሂድ።

እንደ ጉድ እበላለሁ የሚለው ቀጭን ሰው ብዙ ጊዜ የምናየው አብረን ስንበላ ነው። ያን ቀን ለሁለት ይበላል። ማታ ግን ሳይርበው ቀርቶ ይተኛል፤ በማግስቱ ጠዋትም ቁርስ ትዝ አይለው። እሱም አያስተውለውም፣ እኛም አናይም። ይህ የነገሩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ እውነተኛ የሰውነት ልዩነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ ጥናት 16 ሰዎች ለ8 ሳምንት በየቀኑ ከሚያስፈልጋቸው በላይ 1,000 ካሎሪ እንዲበሉ ተደረገ። ሁሉም እኩል ነው የተጨመረላቸው። አንዱ የጨመረው ስብ ግማሽ ኪሎ እንኳ አልሞላም፤ ሌላው ከ4 ኪሎ በላይ ጨመረ። ልዩነቱ የመጣው በአብዛኛው ስፖርት ካልሆነ እንቅስቃሴ ነው፤ መቆም፣ መንጎራደድ፣ እግር ማወዛወዝ፣ ወንበር ላይ መገላበጥ። አንዳንዱ ሰው ሲበላ ሰውነቱ ራሱ ይቁነጠነጣል። መርጦ ያደረገው አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ 12 ጥንድ ተመሳሳይ መንትዮች በ100 ቀን ውስጥ ለ84 ቀን 1,000 ካሎሪ ተጨምሮላቸው ነበር። ትንሹ የጨመረው 4 ኪሎ ገደማ፣ ትልቁ 13 ኪሎ ገደማ ነው። አንዱ መንትያ ምን ያህል እንደጨመረ ያየ ሰው ግን የወንድሙን በመጠኑም ቢሆን ሊገምት ይችል ነበር፤ መንትዮቹ ይመሳሰላሉ። ዕጣው ለሁሉም እኩል አልወጣም። ረሃብ ራሱ ለሁሉም እኩል አይጮህም፤ ዘር እዚያም ውስጥ እጁ አለበት። ለዚህ ነው ቀጭን መሆን ጨዋነት፣ መወፈር ብልግና የሚመስለው ሰው የሚያናድደኝ።

ምግቡም ራሱ ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ ኬቪን ሆል የተባለ ተመራማሪ 20 ሰዎችን አንድ የምርምር ሆስፒታል ውስጥ አስቀመጠ። ሁለት ሳምንት በፋብሪካ በብዙ የተቀነባበረ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ብዙ ያልተነካካ ምግብ ቀረበላቸው። የቀረበው ስኳር፣ ስብ፣ ጨውና ካሎሪ ተመጣጣኝ ነው። «የምትፈልጉትን ያህል ብሉ» ተባሉ። በፋብሪካው ምግብ በቀን ወደ 500 ካሎሪ ገደማ አብልጠው በሉ፤ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋም ጨመሩ። የሚገርመው ግን ሁለቱን ምግቦች ጣዕማቸው ተቀራራቢ ነው ብለው ነበር የመዘኑት። ማለትም ጥሟቸው አይደለም ያበዙት። የፋብሪካውን ምግብ በፍጥነት ነው የሚበሉት፤ ሆድ ወሬውን ለጭንቅላት ሳያደርስ ሳህኑ ያልቃል።

አሁን ወደ መስታወት እንምጣ። ብዙ ሰው «ስለ ምግቤ ብሳሳት እንኳ ሰውነቴን አያለሁ» ይላል። አያይም!

ዓይን ምንጊዜም የሚያወዳድረው ከለመደው ጋር ነው። ቀጫጭን ሰዎችን በፎቶ ለደቂቃዎች ያየ ሰው ወዲያው መካከለኛ አካል ቢታይ ወፍራም ይመስለዋል፤ ወፍራሞችን ሲያይ ቆይቶ ከሆነ ደግሞ ያው አካል ቀጭን ይመስለዋል። በጥቂት ደቂቃ ይህ ከሆነ፣ ዓመታት በዙሪያችን የምናያቸው ሰዎችና ስልካችን ላይ የምናያቸው ምስሎች ምን እንደሚያደርጉን ገምቱ። በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ እየወፈረ ሲሄድ «ደህና ነኝ» የሚባለው መጠንም አብሮ ከፍ ይላል። ወላጆች ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገመ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2014 ወጥቶ ነበር፤ ክብደታቸው ከልክ ካለፈ ልጆች ወላጆች ውስጥ ግማሽ ያህሉ የልጃቸውን ክብደት አሳንሰው ያያሉ። በየቀኑ የሚታይ ልጅ ሲለወጥ አይታይም። በዓመት አንዴ የሚመጣ አጎት ነው ቀድሞ የሚያየው።

ግምታችን ሁሉ ወደ መሀል ይሳባል። በጣም ቀጭኑን ወፈር አድርገን፣ በጣም ወፍራሙን ቀጠን አድርገን እንገምታለን። ለውጥም እንደ መነሻው ነው። 50 ኪሎ ሰው ላይ 5 ኪሎ ሲጨመር ጎረቤት ሁሉ ያወራል፤ 120 ኪሎ ሰው ላይ ያው 5 ኪሎ ሲጨመር ባለቤቱም አያውቅም። ሲቀነስም እንደዚያው ነው። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው፤ ለፍቶ ቀንሶ መስታወቱ አልነግረው ይለዋል።

ስህተቱ በተቃራኒው ሲሆን ደግሞ ሕይወት ያጠፋል። አኖሬክሲያ የሚባለው ሕመም ያለበት ሰው አጥንቱ እየታየ ራሱን ወፍራም አድርጎ ይሰማዋል። ኔዘርላንድስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 የተሠራ አንድ ሙከራ ከአእምሮዬ አይጠፋም። ሕሙማኑ በተለያየ ስፋት ክፍተት መሀል እንዲያልፉ ተደረገ። ጤነኛ ሰው ክፍተቱ ከትከሻው 25 በመቶ እስኪሰፋ ድረስ ትከሻውን ያጣምማል። አኖሬክሲያ ያለባቸው ግን 40 በመቶ እየሰፋም ትከሻቸውን ያጣምሙ ነበር። ያን ጊዜ ስለ አካላቸው እንዲያስቡ እንኳ አልተጠየቁም። ሰውነታቸው ራሱ ሰፊ መስሏቸው ነው የሚሄደው። ለእንዲህ ያለ ሰው «ቀጭን ነሽ እኮ፣ መስታወት እይ» ማለት ምን ያደርጋል? ሕክምና ነው የሚያስፈልጋት።

ሚዛንስ? ሚዛን አይዋሽም፤ ግን የሚነግረን እኛ የጠየቅነውን አይደለም። እኛ ስለ ስብ እንጠይቀዋለን፤ እሱ ውሃውንም፣ አጥንቱንም፣ ጡንቻውንም፣ ሆድ ውስጥ ያለውንም ደምሮ ይመልሳል። ሰውነት ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት አለው፤ እያንዳንዱ ግራም ወደ 3 ግራም ገደማ ውሃ ይይዛል። ዳይት በተጀመረ ሳምንት ሁለት ኪሎ የሚጠፋው በአብዛኛው ይህ ውሃ ነው። ጨው የበዛበት እራት በልታችሁ ጠዋት ላይ አንድ ኪሎ ብትጨምሩ ያም ውሃ ነው። አንድ ኪሎ ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ስለሚይዝ በአንድ እራት ሊመጣ አይችልም። ስለዚህ በየጠዋቱ ሚዛን ላይ ወጥቶ መደሰትም ማልቀስም ከንቱ ነው። የሚጠቅመው የሳምንቱን አማካይ ካለፈው ሳምንት ጋር ማስተያየት ነው። የወገብ መለኪያ ሜትርም ጥሩ ነው፣ ርካሽ ነው።

የምትበሉትን ማወቅ ከፈለጋችሁ አንድ ሳምንት ብቻ ዘይቱን በማንኪያ እየለካችሁ ጨምሩ፤ ከመብላታችሁ በፊትም ፎቶ አንሱ፣ ቆማችሁ የምትቀምሱትንም ጭምር። በትዝታ ከመጻፍ ይሻላል። ዕድሜ ልክ መቁጠር አያስፈልግም። ከምግብ ጋር ጭንቀት ያለበት ሰው ግን ይህንንም ባያደርገው ይሻላል።

አንዳንዴ ሰውየው ልክ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። የታይሮይድ ዕጢ ሲደክም ክብደት ይጨምራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ኪሎ ነው፣ ብዙውም ውሃ ነው። ስቴሮይድና አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ግን ከዚህ በላይ ሊያወፍሩ ይችላሉ። «ውሃ ስጠጣ እወፍራለሁ» ላለ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ቢሆን ጥሩ ነው። ካለ ሐኪሙን ያማክር እንጂ በገዛ ፈቃዱ አያቋርጥ።

ከሌለስ? «እስቲ ምን ምን እንደበላህ ንገረኝ» አትበሉት፤ ከልቡ ይነግራችኋል፣ ግማሹ ግን አይኖርበትም። ይልቅ አንድ ቀን አብራችሁት ማድ ቤት ግቡና፣ እሱ ሲያበስል ማንኪያውን አቀብሉት።